በሩ ላይ ድንኳን የሚተከልበት ስቱዲዮ

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ይታወቅልኝ፤ ባንድ የለኝም። ኖሮኝም አያውቅም። ይህን ሚዛን ተፈሪ ውስጥ ያልነገርኩት ሰው ያለ አይመስለኝም፤ ግን ማን ሰምቶ! ዛሬ እንኳ፣ ጸጉሬ ገብስማ ከሆነ በኋላ፣ መንገድ ላይ ያገኘኝ ሁሉ «ያ ባንድህ እንዴት ሆነ?» ይለኛል።

«ባንድ የለኝም።»

«ከበሮውን ማነው ታዲያ የሚመታው?»

«እኔ።»

«ጊታሩንስ?»

«እኔ።»

«ኦርጋኑን?»

«እኔ ነኝ አልኩህ እኮ!»

ሰውየው ትንሽ ያስባል። ከዚያ ከልቡ አዝኖልኝ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ምነው፣ ሰው ጠፍቶ ነው?» ይለኛል።

ሰው አልጠፋም። ሰውማ ሞልቷል፤ ችግሩም እሱ ነው። እኛ ዘንድ ብቻውን የሚሠራ ሰው ወይ ከሰው ተጣልቷል ወይ ታሟል። እርሻ በደቦ ነው፣ ቤት በደቦ ነው፣ ቀብር በእድር ነው። በሩን ዘግቶ ከራሱ ጋር አራት ሆኖ የሚጫወት ሰው ሲያዩ ጸበል ያስፈልገው እንደሆነ ይመካከራሉ። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ያላለኝ ሰው የለም። አንበሳ ማሰር አልፈለግሁም እኮ! አንድ ካሴት ነው መሥራት የፈለግሁት። ስምንት ዘፈን ያለው አንድ ካሴት።

ነገሩ የጀመረው ቴፒ ነው። ልጅ ሆኜ አባቴ ቡና እርሻ ላይ ተቀጥሮ ይሠራ ስለነበር ያደግሁት እዚያ ነው። ከቤታችን ዝቅ ብሎ አንድ ሻይ ቤት ነበር፤ ባለቤቱ የሸክላ ማጫወቻ ነበረው። ሸክላዎቹን ግን መስኮቱ ሥር ይደረድራቸዋል፤ የቴፒን ፀሐይ ደግሞ የሚያውቃት ያውቃታል። ከሸክላዎቹ አንዱ የፈረንጅ ነበር። ከየት እንደመጣ ማንም አያውቅም። ፀሐይ አግኝታው ጠርዙ እንደ ደረቀ ቆዳ ተጣሟል። መርፌው ሲሄድበት ከፍ ዝቅ ይላል፣ ዘፈኑም አብሮት ከፍ ዝቅ ይላል። ጊታሩ ይቀልጣል፣ ኦርጋኑ ይንገዳገዳል፣ ዘፋኙ ውሃ ውስጥ ገብቶ የሚዘፍን ይመስላል። ከዚያ የሚያምር ነገር በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም። ሻይ ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ «ኧረ ይሄን ነገር አጥፋልን» ሲል እኔ በር ላይ ቆሜ «ድገመው» እላለሁ።

ካደግሁ በኋላ አንድ ጊዜ አዲስ አበባ ሄጄ ያንኑ ዘፈን ካልተጣመመ ሸክላ ሰማሁት። ቀጥ ያለ ዘፈን ነው። ይጀምራል፣ ያልቃል። «ይሄ አይደለም» ብዬ ከባለሱቁ ጋር ልንደባደብ ደረስን። «እሱ ነው» ይላል፤ «አይደለም» እላለሁ። በኋላ እዚያው አዲስ አበባ ስቱዲዮ ውስጥ የሚሠራ አንድ ጓደኛዬ በዚያ ዘመን ፈረንጆቹ ሆን ብለው ድምፅ የሚያጣምሙበት፣ ሳይኬዴሊክ የሚሉት የሮክ ዓይነት እንደነበራቸው ነገረኝ። እንግዲህ እነሱ ስንት መሣሪያ ገትረው የለፉበትን የቴፒ ፀሐይ በነጻ ትሠራዋለች። እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ አሳቤ አንድ ሆነ፤ ያንን የተጣመመ ሸክላ በገዛ እጄ መሥራት።

ደርግ ሲወድቅ የከተማችን የኪነት ቡድን ተበተነ። እኔ የኪነቱ ኦርጋን ተጫዋች ነበርኩ፤ ከዚያ ወዲያ ሬዲዮና ቴፕ ጠጋኝ ሆንኩ፣ ቅዳሜና እሑድ ሠርግ ላይ እጫወታለሁ። ሠርግ ላይ ሰው የሚፈልገው የታወቀ ነው። አንድ ጊዜ አጠገባችን ባለችው አማን ሠርግ ላይ ኦርጋኑን ትንሽ አጣመምኩት። የሙሽራው አጎት መጥቶ ጆሮዬ ሥር «ወንድሜ፣ ካመመህ ተቀመጥ» አለኝ። ከዚያ በኋላ ማጣመሙን ለቤቴ ብቻ አደረግሁት።

ቤቴ ማለት አንድ ክፍል ናት። ያ የስቱዲዮው ጓደኛዬ ባለ አራት መስመር የካሴት መቅጃ ነበረው። አንድ ክረምት እንደ ምንም ለምኜው አዋሰኝ። አሠራሩ ቀላል ነው፤ በመጀመሪያው መስመር ከበሮ ትቀዳለህ፣ ያንን በጆሮ ማዳመጫ እየሰማህ በሁለተኛው ጊታር፣ በሦስተኛው ኦርጋን፣ በአራተኛው በማይክራፎን ድምፅህን ትጨምራለህ። አራት ብቻ። አምስተኛ የለም። ከተበላሸብህ ያንኑ መስመር ደምስሰህ እንደገና ነው። ማጣመሙን የምሠራው በአውራ ጣቴ ነበር፤ ካሴቱ ሲዞር የሚስበውን ጎማ ነካ ነካ አደርገዋለሁ፣ ድምፁም ቴፒ ሻይ ቤት እንደነበረው ይዋኛል። ጓደኛዬ ማሽኑን ሲሰጠኝ አስጠንቅቆኛል፤ መስከረም ውስጥ አርብ ጠዋት ከሚዛን ቡና ጭኖ የሚነሳ መኪና አለ፣ ሾፌሩ ዘመዱ ነው። «በዚያ መኪና ካልመጣልኝ ወዳጅነታችን እዚያው ላይ አበቃ» አለኝ። ይቀልዳል እንዳልል የማይቀልድ ሰው ነው።

ክረምቱ ረጅም ይመስል ነበር። ግን የእኛ ሰፈር ቁልቁለት ነው። ሚዛንን የማያውቅ ሰው ላይገባው ይችላል፤ ድንች ብትጥል ወንዝ ሳይደርስ አይቆምም። ድንኳን የሚይዝ ደልዳላ ቦታ በሰፈሩ ያለው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የእኔ በር ፊት ለፊት። ስለዚህ ከላይም ከታችም ሰው ሲሞት የእድሩ ድንኳን የሚተከለው እኔ በር ላይ ነው። ገመዱ አንዳንዴ ከደጃፌ ድንጋይ ጋር ይታሰራል! ለቅሶ ባለበት ደግሞ ሦስት ቀን ሙዚቃ ይቅርና ሬዲዮ አይከፈትም። በዚያ ክረምት ብቻ ሦስት ድንኳን ተተከለብኝ። አንዱን ዘፈን ልጨርስ ስል እሪታ እሰማለሁ፣ ወጥቼ «ማነው ደግሞ?» እላለሁ፣ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ለብሼ እቀመጣለሁ። ማዘኑን አዝናለሁ፤ ሰው ነኝ። ግን ሰው በወረፋ ይሞታል እንዴ?

በኋላ አንድ ዘዴ አገኘሁ። የኤሌክትሪክ ጊታርና ኦርጋን በገመድ ቀጥታ ማሽኑ ውስጥ ከገቡ ክፍሉ ውስጥ ድምፅ የለም። የሚሰማው ማዳመጫ ያደረገው ሰው ብቻ ነው። ድንኳን ሙሉ ሰው ደጃፌ ላይ ተቀምጦ ባቄላ ሲቆረጥም እኔ ውስጥ ሆኜ ያለ ድምፅ ሮክ እጫወታለሁ። እንደዚያ እየሰረቅሁ ሰባት ዘፈን ጨረስኩ። የስምንተኛውም ከበሮ፣ ጊታርና ኦርጋን አለቀ። የቀረኝ የአንድ ዘፈን ድምፅ ብቻ ነበር፤ እሱን ጨርሼ አርብ ማለዳ ማሽኑን እጭናለሁ። ተገላገልኩ አልኩ።

ሰኞ ጎህ ሲቀድ ጎረቤቴ ሞቱ።

ግድግዳ የምንጋራቸው ሴት ነበሩ። በወጣትነታቸው ከባለቤታቸው ጋር ከጉራጌ አገር መጥተው ሚዛን ቀሩ። ባላቸው ሲሞቱ ሱቁን ብቻቸውን ያዙት፤ ጨው፣ ሳሙና፣ ጋዝ ይሸጣሉ፣ በቡና ወራት ጀንፈል ቡና ከገበሬ ይገዛሉ። አንድ ልጅ ነበረቻቸው፤ አዲስ አበባ ተድራ የምትኖር። እኔ «እማማ» እላቸው ነበር፣ እሳቸው «አንተ ጉደኛ» ይሉኛል። የሚለየን የጭቃ ግድግዳ ነው፤ ኮርኒሱ ከጆንያ የተሰፋ፣ ለሁለታችንም አንድ ነው። እሳቸው ሲያስነጥሱ እኔ «ይማርዎት» እላለሁ፤ ይህን ያህል ቅርብ ነን። ከበሮ ስጀምር ዘነዘናቸውን አንስተው ግድግዳውን ይደበድቡታል። ደግሞ ምቱን ጠብቀው ቢደበድቡ አንድ ነገር ነበር!

«አንተ ጉደኛ! ሰው ሲዘፍን ደህና አድርጎ ይዘፍናል፤ አንተ ምን ሆነህ ነው ጉሮሮህን የምታጣምመው?»

«ሆን ብዬ ነው እማማ።»

«ሆን ብለህ! ወይ መድኃኔዓለም፣ ሆን ተብሎም ይታመማል?»

ድምፅ እንዲውጥልኝ ግድግዳዬ ላይ የሰቀልኳቸውን ጆንያዎች ያዋሱኝ እሳቸው ናቸው። «ላንተ አይደለም፣ ለገዛ ጆሮዬ ብዬ ነው» አሉኝ። ጾም ሲፈታ የምበላውም እሳቸው ቤት ነበር። ሳልመጣ ከዘገየሁ በዚያው ዘነዘና ይጠሩኛል። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይባል የለ።

እና ሞቱ ሲሉኝ የመጀመሪያ አሳቤ ምን ነበር? ይህን ለንስሐ አባቴም አልተናገርኩትም። «ምነው እስከ አርብ ቢቆዩ!» ነበር። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ በአእምሮዬ ቀኖቹን ቆጠርኩ። ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕ፣ ሐሙስ። ከዚያ ወጥቼ ከወንዶቹ ጋር ድንኳኑን ተከልኩ፤ በገዛ በሬ ላይ በገዛ እጄ።

ልጃቸውን መጠበቅ ይቻላል አይቻልም ተብሎ ጭቅጭቅ ተነሳ። እኛ አገር መርዶ በስልክ አይነገርም። ከሚዛን ለዘመድ ይደወላል፣ ዘመድ ከዘመድ ይመካከራል፣ በማግስቱ ጎህ ሳይቀድ ተሰብስበው ሄደው በሯን ያንኳኳሉ። ከዚያ አውቶቡሱ የሚነሳው ደግሞ በማግስቱ ነው፤ ጅማ ታድራለች፣ በሁለተኛው ቀን ሚዛን ትደርሳለች። ሬሳ ያን ያህል የሚያቆይ ነገር አልነበረንም። ማክሰኞ እኩለ ቀን ቀበርናቸው። አፈር ካለበሱት አንዱ እኔ ነኝ።

ከቀብር መልስ ድንኳኑ ውስጥ ተቀመጥን። ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው መሬት ያያሉ። ሟቿ የሥጋ ዘመድ በአካባቢው የላቸውም፤ አባታቸውን፣ አገራቸውን፣ ሙያቸውን እየጠራ ሙሾ የሚያወርድላቸው የለም። የእኛ ሰፈር ሴቶች ከቤንች ናቸው፣ ከካፋ ናቸው፣ ከሸኮ ናቸው፤ ሁሉም ይወዷቸዋል፤ ግን ምን ብለው ያልቅሱላቸው? አንዷ ትጀምርና ሁለት ቃል ብላ ታቆማለች። የእድሩ ዳኛ ጭንቅላታቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። ያለ እንባ ቀበሯት መባል ለሰፈር ውርደት ነው። ይህን ሁሉ አያለሁ፤ ግን የማስበው ሌላ ነገር ነበር።

መብራት መጣ። በሚዛን መብራት ሲመጣ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ የእኔ በር ላይ ያለችው አምፖል ቦግ አለች። ሁለት ቀን ሙሉ አልነበረም፤ ነገም ላይኖር ይችላል። አንዴ ወደ ሰማይ አንዴ ወደ አምፖሏ አየሁና ሆዴን የታመመ ሰው መስዬ ተነሳሁ። ክፍሌ ገባሁ፣ በሩን ቀረቀርኩ፣ ማሽኑን ከፈትኩ፣ ጋቢ ተከናነብኩና ወደ ግድግዳው ዞሬ ቁጢጥ አልኩ። በሹክሹክታ እዘፍናለሁ፣ ማንም አይሰማም አልኩ። ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አደረግሁ።

እውነትም በሹክሹክታ ጀመርኩ። ግን ማዳመጫ ያደረገ ሰው የራሱን ድምፅ አይለካም። ይህን ሥራዬ ነውና አውቃለሁ፤ ማወቄ ምን ጠቀመኝ? ከበሮው ጆሮዬ ውስጥ ይመታል፣ ኦርጋኑ ይንሳፈፋል፣ ጊታሩ ይቀልጣል። ዓይኔን ጨፈንኩ። የዚያ ዘፈን መጨረሻ ቃል የለውም። ድምፁ ከላይ ይነሳና እየተንሸራተተ ይወርዳል፣ እንደገና ይወጣል፣ እየተሰባበረ ይወርዳል። የተጣመመውን ሸክላ በጉሮሮዬ ልሠራው ነበር የፈለግሁት። ያን ቀን ሠራሁት። ስንት ዓመት እምቢ ያለኝ ነገር ያን ቀን እሺ አለኝ። ስጨርስ ላብ አጥምቆኛል፣ ጋቢው ከራሴ ወርዶ መሬት ላይ ነው፣ ቆሜያለሁ። መቼ እንደቆምኩ አላውቅም።

ማዳመጫውን አወለቅሁ። ውጭ ዋይታ ነው።

መጀመሪያ ሌላ ሰው የሞተ መሰለኝ፣ «ደግሞ ማን?» አልኩ። ከዚያ ገባኝ። እነሱ ከበሮዬን አልሰሙ፣ ጊታሬን አልሰሙ፣ ኦርጋኔን አልሰሙ። የሰሙት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከሟች ቤት ጎን ካለው ክፍል፣ ከተዘጋ በር ጀርባ፣ የሚሰባበር የወንድ ድምፅ። ጉድ ፈላ! በሩ ተንኳኳ።

የእድሩ ዳኛ ነበሩ። ሰኔ ላይ በለቅሶ ቀን ሬዲዮ ነክተሃል ብለው በሰው ፊት አፈር ያስበሉኝ ሰው ናቸው። አለቀልኝ ብዬ ራሴን ደፋሁ። እሳቸው ግን አቀፉኝ። ጉንጫቸው ርጥብ ነው።

«እግዜር ይስጥህ፣ ልጄ» አሉኝ። «እኛ ምን ብለን እናልቅስላት ብለን ስንሳቀቅ አንተ አስለቀስክልን። ውርደታችንን ሸፈንክልን።»

«ጋሼ፣ እኔ እኮ ለእሳቸው አልነበረም...»

«አውቃለሁ፣ አውቃለሁ። ወንድ ልጅ ሲያለቅስ ያፍራል።»

«አይ፣ እኔ ዘፈን...»

«ተው በቃ አልኩህ። ማልቀስ ነውር አይደለም።» ትከሻዬን ቸብ ቸብ አድርገው ወጡ።

ብግን አልኩ። አሥር ዓመት ሙሉ ኦርጋን አጣምሜ፣ ጊታር አቅልጬ፣ አውራ ጣቴ እስኪላጥ ካሴት ነካክቼ አንድ ሰው «ጎበዝ» ብሎኝ አያውቅም። አሁን ከሠራሁት ሁሉ ሦስት እጁን ሳይሰሙ አንድ እጁን ሰምተው አቀፉኝ! እሱንም ለቅሶ ነው ብለው! ውጭ ስወጣ አንዲት አሮጊት እጄን ይዘው «አንጀታችንን በላኸው» አሉኝ። በማግስቱ ረቡዕ ደግሞ ባሰ። «እስቲ አንድ ጊዜ በልላት» ይሉኛል። ከአማን ለቅሶ ሊደርሱ የመጡ ሰዎች «ያ አልቃሽ የትኛው ነው?» ብለው በጣት ያሳዩኛል። ሮክ ተጫዋች ልሆን ወጥቼ አልቃሽ ሆኜ አረፍኩት!

ያን ማክሰኞ፣ መብራቱ ሳይጠፋ፣ የቀዳሁትን አንድ ጊዜ አዳምጬዋለሁ። የእኔ ድምፅ እንደጠረጠርኩት ነው፤ በሕይወቴ ከዘፈንኩት ሁሉ ይበልጣል። ግን ቃል የሌለበት ቦታ ስደርስ ከሩቅ አንዲት ሴት ተቀበለችኝ። ከዚያ ሌላዋ። ከዚያ ሁሉም። ማይክራፎኑ በጭቃው ግድግዳ አልፎ ሁሉንም ለቅሞታል። እኔ ስተነፍስ እነሱ ይነሳሉ፣ እነሱ ሲደክሙ እኔ እነሳለሁ። አንዷ በአማርኛ አይደለም የምታለቅሰው፣ በቤንችኛ ነው፤ ምን እንደምትል አላውቅም፣ ግን ደጋግማ የምትጠራው የጎረቤቴን ስም ነው። ማሽኑን ዘጋሁት። አራተኛው መስመር አንድ ነው። ወይ ይሄ ይቀራል ወይ ይሄ ይጠፋል።

ረቡዕ መብራት አልመጣም። ሐሙስ ጠዋት መጣ። ያ የመጨረሻ ዕድሌ ነበር፤ በማግስቱ መኪናው ይነሳል። ብዙ አላመነታሁም። በኋላ በኋላ ለሰው ሳወራ «የሰው ለቅሶ ዘፈን ላይ መክተት ነውር መስሎኝ ነው» እል ነበር፤ ሲሉት ያምራል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ተናድጄ ነበር። ካሴቴ ላይ እኔ ያላስገባሁት ድምፅ ገባብኝ። ክረምቱን ሙሉ የለፋሁበትን ነገር አበላሹብኝ። ደመሰስኩት። ጋቢዬን ተከናንቤ፣ አፌን ማይክራፎኑ ላይ ለጥፌ፣ እንደ ሌባ በሹክሹክታ ደግሜ ቀዳሁት። ያ ድምፅ አልመጣም፤ አንገቱ የታነቀ ነገር ነው የወጣው። ግን ጥርት ያለ ነው። አንድም ስህተት የለበትም። ካሴቱን አውጥቼ «ተፈጸመ» ብዬ ጻፍኩበት፤ ከዚያ አንዴ ልስማው ብዬ መልሼ ከተትኩት።

ከሰዓት በኋላ ልጃቸው ደረሰች። ከመናኸሪያው ጀምሮ ጭቃ ለጭቃ እየሮጠች ነው የመጣችው፤ ጥቁር ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ በጭቃ ተለውሷል። ድንኳኑ ተነስቶ ተቀበላት፣ ግን ሦስተኛ ቀን ነበር። ሰው ድምፁ ዘግቷል፣ እንባውም አልቋል። አንድ ሁለት ጊዜ ዋይ ተባለና ቶሎ በረደ። እሷ የእናቷን ባዶ ቤት እያየች መሃል ላይ ቆማ ቀረች። ከእኔ ብዙ ዓመት ትበልጣለች፤ ያን ጊዜ ግን መንገድ የጠፋት ሕጻን መሰለችኝ።

ትንሽ ቆይታ በሬን አንኳኳች። የእድሩ ዳኛ ናቸው የነገሯት።

«አንተ ነህ የእናቴ ጎረቤት?»

«አዎ እህቴ። እግዚአብሔር ያጽናሽ።»

«አንተ ነህ አሉኝ ያለቀስክላት።» መልስ አልጠበቀችም። ጠረጴዛው ላይ ያለውን ማሽን እያየች ነበር። «ድምፅ የሚቀዳ ነገር አለው አሉኝ። በዚያ ሰዓት ክፍልህ ውስጥ ክፍት እንደነበረ የእድሩ ዳኛ አይተዋል። እውነት ነው?»

«ክፍት ነበር» አልኩ።

«ቀብሯ ላይ አልደረስኩም» አለችኝ። «ሁለት ቀን ሙሉ አውቶቡስ ውስጥ አንድ ነገር ነው የማስበው። እዚህ ዘመድ የላትም፤ እንዲሁ ዝም ብለው አፈር ከተቷት እያልኩ ነው የመጣሁት። በጣም አለቀስንላት አሉኝ። ሁሉም ይለኛል። ለማጽናናት ብለው ይሁን እውነት ይሁን አላውቅም። ስማኝ፣ አሰማኝ። እሱን ብቻ።»

መናገር ነበረብኝ። ያን ጊዜ፣ እዚያው፣ «የለም» ማለት ነበረብኝ። እጄ ግን ቀደመኝ፤ ወንበር ሰጠኋት፣ ማዳመጫውን በሻሿ ላይ አደረግሁላትና ስምንተኛውን ዘፈን ከፈትኩላት። ምን አስቤ እንደሆነ እስከ ዛሬ አይገባኝም። ምናልባት የእኔ ድምፅ ይበቃታል ብዬ ይሆናል።

ዓይኗን ጨፍና አዳመጠች። ከበሮው ሲጀምር ግንባሯ ተኮማተረ፣ ግን ታገሰች። ጊታሩ ሲገባም ታገሰች። እንግዳ ቤት የማታውቀው ምግብ የቀረበላት ሰው እንደሚሆነው በጨዋነት ታገሰች። እጆቿን ጭኗ ላይ አጣምራ ትጠብቃለች። ቃል የሌለበት ቦታ ሲደርስ ከፊቷ አወቅሁት፤ ጎንበስ አለች፣ ማዳመጫውን በሁለት እጇ ጆሮዋ ላይ ጫነችው። ጠበቀች። ከዚያ ዓይኗን ገለጠችና አየችኝ።

«የት ጋ ነው የሚያለቅሱላት?» አለችኝ።

«አጠፋሁት» አልኳት።

ማዳመጫውን አወለቀች። «ምን አልክ?»

«ነበረ። ሁሉም አልቅሰውላት ነበር፣ እውነታቸውን ነው። ዛሬ ጠዋት አጠፋሁት።»

«ለምን?»

ውሸት ፈለግሁ፤ አንድም አልመጣልኝ።

«ሰው ገብቶበት ነበር» አልኳት።

አልጮኸችብኝም። ብትጮህ፣ በጥፊ ብትለኝ ይሻለኝ ነበር። ማዳመጫውን ሰው ያዋሳትን ዕቃ እንደምትመልስ ቀስ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አድርጋ ወጣች፣ ድንኳኑ ውስጥ ከሴቶቹ መሃል ገብታ ተቀመጠች። አንዷ ክንዷን ትከሻዋ ላይ ጣለችላት። ማሽኑ አሁንም ይዞራል። ከማዳመጫው ውስጥ ድምፄ ቀጥኖ ይሰማ ነበር፤ ጥርት ያለ፣ ማንም ያልገባበት።